አደይ ነው፣ መጭ ነው

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ከካልሲው ላይ ጭጎጎት መልቀም ነበር። እሑድ ነው፤ መስከረም ሊያልቅ ነው። ከእንጦጦ ወርደን አራዳ ያለችው ቤታችን ደጃፍ፣ የድንጋይ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። እሱ ጫማውን አውልቆ እግሮቹን ጭኔ ላይ ዘርግቷል። እኔ ልብስ ላይ የሚጣበቁትን እነዚያን ጥቁር መርፌ መሳይ ፍሬዎች አንድ በአንድ እየነቀልኩ እጥላለሁ።

የቀጠፋትን ቢጫ አበባ ከፍ አድርጎ «አደይ ነው» አለ።

«መጭ ነው» አልኩ። ቀና እንኳ አላልኩም።

«ሳታይው?»

«አንተን ሠላሳ አንድ ዓመት አይቼሃለሁ። አደይ ነው ካልክ መጭ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ እግሩ ተወዛወዘና ጭጎጎቱ ጣቴን ወጋኝ። ከዚያ ድምፁን ለወጠ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «እሺ እመቤቴ። እርስዎ ካሉማ መጭ ነው። እግሬን ትንሽ ላዙርልዎ? እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

የጨዋታችን ሕግ ይኸው ነው፤ የተሸነፈው ያሸነፈውን አንድ ሙሉ ቀን አንቱ ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ቀኑ ገና አልሞላም ነበር። ሻይ አፍልቶ አልጋው አጠገብ አስቀመጠልኝና «ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። ሰዓት ሠሪ ነበር። ከቀትር በፊት፣ የደንበኛ ሰዓት ከፊቱ ተከፍቶ እንደተቀመጠ፣ ልቡ ቀጥ አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት አንቺ ሲለኝ ኖሮ፣ ሲሰናበተኝ እርስዎ ብሎኝ ሄደ።

ስለ አበባው ልናገር። እኔ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። እዚያ መስከረም ሲጠባ ሁለት ቢጫ አበባ ይወጣል። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው አደይ አበባ ነው። ሁለተኛው መጭ ይባላል፤ ማሳ ውስጥ የሚወጣ፣ የኑግ ዘመድ የሆነ አረም ነው። አባቴ ጤፉ መሀል መጭ ሲበዛበት ፊቱ ይጠቁር ነበር። ከሩቅ ሲያዩአቸው ሁለቱም ያው ቢጫ ናቸው። ቀረብ ብሎ ቅጠሉን ያየ ግን አይሳሳትም። የአደይ ቅጠል እንደ ካሮት ቅጠል የተበጣጠሰና ስስ ነው። የመጭ ያልተሰነጠቀ፣ ረዘም ያለ፣ ሲዳስሱት እንደ ድመት ምላስ የሚሻክርና ግንዱን እቅፍ ያደረገ ነው። እኛ ቤት ይህን የማያውቅ ልጅ አልነበረም።

እሱ የአራዳ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው ከፒያሳ ሳይርቅ ነው፤ ለእሱ በመስከረም ቢጫ የሆነ ሁሉ አደይ ነው። በተጋባን በመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ዋዜማ ከራስ መኮንን ድልድይ አንድ ትልቅ እቅፍ አበባ ገዝቶ መጣ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩትና ውሃ ውስጥ ላደርገው ስለያየው ሳቄ መጣ።

«ምነው?» አለ።

«ግማሹ አረም ነው። የአባቴን ጤፍ የሚሻማውን ነው ገዝተህ የመጣኸው።»

«አበባ አይደለም እንዴ?»

«አበባ ነው።»

«ቢጫ አይደለም?»

«ቢጫ ነው።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

ሁለቱንም አንድ ላይ ጣሳ ውስጥ አደረግኋቸው።

አንቱታው የመጣው ከእናቴ ነው። እናቴ አባቴን እስከ ዕለተ ሞቱ አንቱ ትለው ነበር። ባለቤቴ ያንን ሰምቶ አገር ቤት ከርመን ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ይነዘንዘኝ ጀመር። «አባትሽ ምን ያለ ዕድለኛ ሰው ነው! እኔን አንድ ቀን እንኳ አንቱ ብትይኝ ምን ትሆኛለሽ?»

«ዕወቅና ልበልህ።»

«ምን ልወቅ?»

«አደይን ከመጭ ለይ። ያን ዕለት አንቱ እልሃለሁ። ካልለየህ ግን አንቱ የምትለኝ አንተ ነህ።»

በዚህ ተስማማን። ከዚያ ወዲህ መስከረም በመጣ ቁጥር እሑድ እሑድ ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በእግር እንጦጦ እንወጣለን። እሱ አበባ ይቀጥፋል፤ ይፈርዳል፤ እኔ ቅጠሉን አይቼ ፍርዱን እሽራለሁ። ያመጣነውን ወፍራም ደብተር ላይ በኮላ እንለጥፋለን። ከሥሩ እሱ ያለውን፣ ከዚያ እኔ ያልኩትን እጽፋለሁ። የአማርኛ አስተማሪ ስለነበርኩ ጽሑፉ የእኔ ሥራ ነው፤ ኮላው የእሱ።

እኔ ሁልጊዜ ቅጠል አያለሁ። እሱ ሁልጊዜ የአበባውን ፊት ያያል። ሰዓት ሲሠራ ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ያችን ትንሽ ሌንስ ከኪሱ አውጥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አበባዋን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ይመረምራል። «ፊቷ የአደይ ነው» ይላል በሙሉ ልብ። እኔ «ግንዷንስ አየኸው?» እላለሁ። ያን ጊዜ ሌንሷን ከዓይኑ ነቅሎ «እርስዎ እንዳሉ» ይላል፤ ተሸነፈ።

በዚያ ሁሉ ዘመን ሁለት ጊዜ አሸንፎኛል። አንደኛውን ሰው ጠይቆ ነው። ሁለተኛውን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በአጋጣሚ ይመስለኛል። ያሸነፈ ዕለት ከቤት አይወጣም ነበር። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «ውሃ ይፈልጋሉ ወይ በይኝ እስቲ» ይላል።

«ውሃ ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም። ምሳ በልተዋል ወይ በይኝ።»

«አሁን አብረን አይደል የበላነው?»

«አይደል የበላነው አይባልም። አብረን አልነበረም ወይ የተመገብነው ጌታዬ ነው የሚባለው።»

ልጃችን ትንሽ ሳለች ይህን እየሰማች አንቱ ማለት የተሸነፈ ሰው የሚናገረው ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችንን ትልቅ ሰውዬ አንተ እንዳትላቸው ስትመከር «ምን አሸነፉኝ?» ብላ አሳፍራናለች።

እሱ ካረፈ በኋላ ደብተሩን አልከፈትኩትም። የሠራበት የሱቅ ረድፍ ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፤ ዛሬ እዚያ ሰው በሰፊው የእግረኛ መንገድ ይንሸራሸራል። እቃዎቹን በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን አምጥተውልኝ ነበር፤ እሱንም አልከፈትኩትም። ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ መጻፍ አልችልም፤ አለፈ። ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ልጄ ከባሏ ቤት መጣችና ቤቱን ልታጸዳልኝ ስትነሣ ደብተሩን ከመደርደሪያ አወረደችው። ልከለክላት ነበር። ግን እየገለጠች ትስቅ ስለነበር ተውኳት።

«እማዬ፣ ይኼ መጨረሻ ያለው አልተጻፈበትም።»

ሄጄ አየሁት። የዚያ እሑድ አበባ ነው። ሻይ ከማፍላቱ በፊት ይሁን ከዚያ በኋላ አላውቅም፣ ለጥፎታል። ፊቷን ወደ ላይ አድርጎ፣ ኮላውን እንደ ልማዱ አብዝቶ። ከሥሩ ለጽሑፍ ቦታ ትቶልኛል። ቅጠል የለውም።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ያን አበባ ሲቀጥፈው አብሬው አልነበርኩም። መንገዱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንድ የፈረሰ የድንጋይ ካብ አለ፤ ገደላም ስለሆነ እኔ ከታች ትንፋሼን ስሰበስብ እሱ ወጣና የአበባዋን ራስ ብቻ ቀንጥሶ ወረደ። «ቅጠሉስ?» ብዬው ነበር። «ቅጠሉን ቀና ብለሽ እዪው» አለኝ፤ ደክሞኝ ነበርና አላየሁትም። ቤት ደርሰንም እንዲሁ መጭ ነው አልኩ።

«ፎቶ ላንሣውና ስልኬ ይንገርሽ» አለች ልጄ። አነሣችው። ስልኩ ትንሽ አሰበ።

«ምን አለ?»

«የሱፍ አበባ ነው ይላል።»

ተያየንና ሳቅን። ሆዴን ይዤ እስክቀመጥ ድረስ ሳቅሁ፤ ዓመት ሙሉ እንደዚያ አልሳቅሁም። «አባዬ ቢሰማ» አለች ልጄ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ይኼ ስልክ የአራዳ ልጅ ነው ይል ነበር።»

እሷ ከሄደች በኋላ ግን አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። አደይ ከሆነስ? እሱ ልክ ከነበረስ? ያን ማታና ያን ጠዋት የሰማሁት አንቱታ የእኔ አልነበረም ማለት ነው። ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ይህ ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን የመጨረሻ ቃሉ ነው፤ በማታለል የወሰድኩት እንዳይሆን ፈራሁ። አበባዋን ከወረቀቱ ልንቀላት ብል ትበጣጠሳለች። ቢነቀልስ፣ ቅጠል ከሌለው እኔ ምን አውቃለሁ?

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር ቄጠማና አበባ የሚሸጡት ሴቶች ተደርድረዋል፤ ታክሲው፣ ጥሩምባው፣ ግፊያው እንዳለ ነው። ከአንዷ ሻጭ ፊት ቆምኩና ካንዱ እቅፍ ላይ ሁለት አበባ መዘዝኩ።

«ይኼኛው አደይ ነው። ይኼኛው መጭ ነው» አልኳት።

ሻጯ ወደ ላይ አየችኝ። «እማማ፣ ዛሬ ዋዜማ ነው። ለዛሬ ሁሉም አደይ ነው!»

«ነገስ?»

«ነገ ለበሬ እሰጠዋለሁ።»

አጠገቧ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጥቁር ልብሴን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና «እግዜር ያጽናዎት» አለች። አመሰገንኳትና ደፍሬ ጠየቅኋት። «ቅጠሉ ባይኖር፣ አበባዋ ብቻ ብትሆን፣ በምን ትለያቸዋለሽ?»

«ቅጠሉን ማን ያያል? ታስሮ ሲመጣ ቅጠሉ ይረግፋል። እኛ በሱሉልታ በኩል ነን፤ በእኛ ቋንቋ አደዩ ኬሎ ነው፣ መጩ ቱፎ። እናቴ ስታስተምረኝ፣» አለችና ሁለቱን አበባዎች ከእጄ ወስዳ ፊታቸውን ወደ መሬት ገለበጠቻቸው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና እማማ፣ ቂጡን እዪ ነው ያለችኝ።»

ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። መጩ ከአበባው ሥር አምስት ሰፋ ሰፋ ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች አሉት፤ አበባዋን እንደ ሲኒ ይዘዋታል። የአደዩ ግን ቀጫጭን ነው፤ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ዙሪያውን የተበተነ። ገጠር ተወልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት በዕውቀቴ ስኮራ ኖሬ፣ አንድም ቀን አበባ ገልብጬ አላውቅም ነበር።

ወደ ቤት በዳገቱ ስወጣ ስለ እሱ እያሰብኩ ነበር። ደንበኛ ሰዓት ይዞ መጥቶ «እስቲ እየው፣ ምን ሆነ?» ሲለው ምን ይል እንደነበር ትዝ አለኝ። «ፊቱን አይቼ ምን ልንገርህ? ጀርባውን ልክፈተው እንጂ።» ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሰዓት ጀርባ ሲከፍት የኖረ ሰው፣ አበባ ሲሆን ፊቷን ብቻ አይቶ ይፈርድ ነበር። ብቻዬን መንገድ ላይ ፈገግ አልኩ። ቤት ገብቼ የቆርቆሮ ሳጥኑን ከፈትኩና ሌንሷን አወጣሁ።

ወዲያው ግን ደብተሩን አልገለጥኩም። በቦታው ላይ ማየት ፈለግሁ። እንደ ባለፈው ዓመቱ የመስከረምን መጨረሻ እሑድ ጠበቅሁ። ጠዋት ደብተሩን በከረጢት፣ ሌንሷን በክር አንገቴ ላይ አድርጌ ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዝኩ። ከዚያ በእግር፣ በየጥቂቱ እየቆምኩ፣ ባሕር ዛፉን አልፌ ወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ጠዋቱ ግን ጥርት ብሏል። ከኋላዬ ከተማው ተዘርግቷል፤ ፒያሳን በአዳዲሶቹ ሕንፃዎች መሀል ለመፈለግ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

መንገድ ዳር ያገኘሁትን ቢጫ ሁሉ ገለበጥኩ። ሌንሷን ዓይኔ ላይ መሰካት አልቻልኩበትም፤ ሁለት ጊዜ ወደቀችብኝ። በእጄ ይዤ አየሁ። መጀመሪያ ከሥር አይቼ ስሙን እጠራለሁ፤ ከዚያ ቅጠሉን አይቼ ራሴን አርማለሁ። መጭ። ቅጠሉ ሻካራ፤ ልክ ነኝ። አደይ። ቅጠሉ የተበጣጠሰ፤ ልክ ነኝ። መጭ፣ መጭ፣ አደይ። አንዱን አደይ ብዬ መጭ ሆኖ ተገኘ፤ ችኮላ ነው። እንደ ተማሪ ደስ አለኝ። እዚያ ሜዳ ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ነጠላዬ በጤዛ ርሶ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት አበባ ስገለብጥ ያየኝ ምን እንዳለ እንጃ።

ካቡ ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁ። ገደሉ ቢጫ ብሎ ነበር። ባለፈው ዓመት አላይ ያልኩትን አሁን አየሁት፤ ሁለቱም ነበሩበት፣ መጩም አደዩም፣ ተቀላቅለው። ስለዚህ ቦታው አይመሰክርም። ደብተሩ ብቻ ነው የሚመሰክረው።

ካቡ ላይ ተቀመጥኩና የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። አበባዋ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ተለጥፋለች፤ ጀርባዋ ወረቀቱ ላይ ነው። ልነቅላት አልፈለግሁም። ገጹን ብቻውን ይዤ ወደ ፀሐይ አነሣሁትና በጀርባው በኩል አየሁት። ወረቀቱ ስስ ነው። የጠዋት ፀሐይ በቢጫዎቹ ቅጠሎች ውስጥ አለፈ፤ መሀሉ ጠቆረ፤ በመሀሉ ዙሪያም ጥላ ታየኝ። ሌንሷን አስጠጋሁ። እንደ መጩ አምስት ሰፋፊ ቅጠሎች ፈለግሁ፤ ምክንያቱም ማሸነፍ ለምጃለሁ። አልነበሩም። ቀጫጭን ናቸው፤ ቆጠርኳቸው፣ ስምንት ናቸው፤ እንደ ሽፋሽፍት ዙሪያውን ተበትነዋል። አጠገቤ ከበቀለው አደይ አንዱን ገልብጬ ጎን ለጎን ያዝኩት። ያው ነው።

አደይ ነው።

አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። ሳቄ ነው የመጣው። ቅጠሉን ቀና ብለሽ እዪው ያለኝ ለካ ራሱ አይቶት ነው! እኔ ሳላይ ፈረድኩ፤ እሱ ደግሞ ልክ መሆኑን እያወቀ እመቤቴ ብሎኝ፣ ሻይ አፍልቶልኝ ሄደ። ለመከራከር እንኳ አልሞከረም። በማታለል አልወሰድኩትም፤ ሰጥቶኝ ነው የሄደው።

«ያሸነፉት እርስዎ ነዎት!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ለካ ከኋላዬ አንዲት ሯጭ ዳገቱን እየወጣች ኖሯል፤ ቆም አለች። ላቧ በፊቷ ይወርዳል። «እኔን ነው እማማ?»

«አይ ልጄ፤ ባለቤቴን ነው።»

ግራና ቀኝ አየች። «የት አሉ?»

«ቀድመውኝ ሄደዋል» አልኳት።

«ታዲያ ይድረሱባቸዋ!»

«እደርሳለሁ። አልቸኩልም።»

ሳቀችና ሩጫዋን ቀጠለች። እኔ እስክሪብቶ አወጣሁና እሱ በተወልኝ ቦታ ጻፍኩ። እሱ፦ አደይ። እኔ፦ መጭ። ከዚያ የእኔን በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከአጠገቡ «እርስዎ እንዳሉ» ብዬ ጨመርኩ።

ሕጉን እስከ ማግስቱ ጠበቅሁ። ማታ በሩን ስዘጋ «ደህና ይደሩ» አልኩ። ጠዋት ሁለት ስኒ ሻይ ቀዳሁና አንዱን በእሱ በኩል አስቀምጬ «ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ» አልኩ። ቀዘቀዘ። ከቀትር በኋላ ቀኑ ሞላ፤ አንተ ወደ ማለት ተመለስኩ፤ እሱም የሚስማማው ይመስለኛል፤ ያሸነፈ ቀን ደስ እያለው እንኳ ማታ ላይ «በቃ አሁን ሰው አድርጊኝ» ይለኝ ነበር።

ሌላም ደብተር ገዝቻለሁ። አሁን መስከረም ሲሆን እሑድ እሑድ ከፒያሳ ታክሲ ይዤ እንጦጦ እወጣለሁ፤ አበባውን ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ፤ ከዚያ ቅጠሉን አያለሁ፤ ከዚያ ስሙን እጽፋለሁ።